ሐጂ ኑሬ ሳይቀመጡ የሚሄዱት ርቀት

ባለፈው ዓርብ ጡረታ ወጣሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ይቀረኛል። እናቴ ይህን ስትሰማ «ጡረታ የሚባለው ወገቡ ለጎበጠ ሰው ነው፤ አንቺ ኮሌጅ ልትገቢ ነው የለቀቅሽው» አለችኝ። ግን ከሥራ የተሰናበተ ሰው ሁሉ የሥራ ዘመኑን ሲያወራ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ እኔስ ለምን ይቅርብኝ? ደግሞ ጉዳዩ የጎበጠ ወገብ ከሆነ፣ እኔ ያየሁትን ያህል ያየ ጡረተኛ ካለ ይምጣና እንወዳደር።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነበር። የሠራሁት እዚሁ ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ የሰው ወገብ በኤም.አር.አይ በሚያነሣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው። ማሽኑ በከባድ መኪና ተጭኖ ሲመጣ የሰፈራችን የማንያታ ልጅ ሁሉ ተከትሎት ሮጧል። ፎርም ፎርን፣ የኬንያን ሁለተኛ ደረጃ፣ ጨርሼ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ ብዬ ስለነበር፣ እኔ በፍጥነት በመራመድ ተከተልኩት።

የቀጠረኝ የአንድ ሽማግሌ ሩጫ ነው። የእናቴ ሱቅ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስኳር ስመዝን፣ አንድ አዛውንት የክሊኒኩን ሰማያዊ ጋውን ለብሰው፣ ጀርባቸውን ለነፋስ ሰጥተው፣ «ምድጃ ውስጥ ሊከቱኝ ነው! ኧረ የሰው ያለህ!» እያሉ በሩን በርግደው ወጡ። መራመድ አቃተኝ ብለው የመጡ ሰው ናቸው። ከኋላቸው አጭር፣ ደልደል ያሉ ሴትዮ «ፖሌ ባባ! ፖሌ!» እያሉ በስዋሂሊ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ሽማግሌው ስዋሂሊ አይሰሙም፤ ሴትዮዋ አማርኛ አያውቁም። እኔ ሁለቱንም እችላለሁ፤ ኦሮምኛም ጭምር። እዚህ ከተማ አድጎ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ቢኖር ፍየል ነው።

«አባባ፣ ወፍጮ ቤት ገብተው ያውቃሉ?» አልኳቸው፣ በእናቴ ነጠላ ጀርባቸውን እየሸፈንኩ።

«እንዴት አላውቅም!»

«ማሽኑም እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ግን አይፈጭም። ሙቀትም የለውም፤ እንዲያውም ይበርዳል።»

ተመልሰው ገቡ። ራስጌያቸው ቆሜ «አሁን ይንኳኳል፣ አሁን ይንጫጫል» እያልኩ ጨረሱ። ሴትዮዋ፣ ማዳም ዋንጂሩ ይባላሉ፣ ማሽኑን የሚያሠሩት እሳቸው ናቸው፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ነገ በሁለት ሰዓት» አሉ። በዚህች ቃል ተቀጠርኩ። ደመወዜ ትንሽ፣ ወረቀቱ ብዙ ነበር፤ ሁለቱንም እዚህ ላይ ልሰናበታቸው።

በሥራ ዘመኔ ሦስት ቦታ ተመድቤያለሁ። ሦስቱም አንድ ኮሪደር ላይ ናቸው።

መጀመሪያ በር ላይ ነበርኩ። ማሽኑ ትልቅ ማግኔት ስለሆነ ብረት ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ሰው ደግሞ ብረቱን ከሚስጥሩ እኩል ይደብቃል። አንዱ ነጋዴ ሁሉንም አውጥቻለሁ ብሎ ከማለ በኋላ ከመታጠቂያው ሥር ቁልፍ፣ ከቁልፉ ሥር ሰንጢ፣ ከሰንጢው ሥር የፍየል ደወል ወጣ።

«ደወሉ ደግሞ የምን ነው?»

«ፍየሏ ተሸጠች። ደወሉ ግን ዋጋው ላይ አልነበረም።»

ሁለተኛው ምድቤ በሽተኞች ተራ የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ነበር። እዚያ ማዳም ዋንጂሩ ይጠይቃሉ፣ እኔ እተረጉማለሁ። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ ሦስት ነው። ሳይቀመጡ ምን ያህል ይሄዳሉ? ምን ሲያደርጉ ይሻልዎታል? የትኛው እግር ይብሳል? ሕጋቸው ደግሞ አንድ፤ «አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።»

ሦስተኛው ምድብ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ሥዕሉ ከሚወጣበት ስክሪን ፊት ነው። እዚያ ለመድረስ ወራት ፈጅቶብኛል። መጀመሪያ ቀን ያየሁት ነገር ዝናብ ያበላሸው ፎቶ ይመስል ነበር። ማዳም ዋንጂሩ ግን ብዕራቸውን አንዲት ክብ ነገር ላይ አሳረፉ።

«ወገብን እንደ ዳቦ ቆርጠሽ ከላይ ብታዪው ይህን ይመስላል። ይህች ክብ ነርቮች የሚወርዱባት ቦይ ናት። ነጩ ፈሳሽ ነው፤ ጥቁር ነጠብጣቦቹ ነርቮች ናቸው። ምን ትመስልሻለች?»

«ወተት ላይ የተበተነ ጥቁር አዝሙድ።»

በጣም ወደዱልኝ፤ ከዚያ በኋላ ለዶክተሮችም እንደዚያው ይሉላቸው ነበር። ጤነኛ ሰው በጀርባው ሲተኛ አዝሙዱ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ወተቱ ከላይ ይንጣለላል። ዕድሜ ሲገፋ አጥንቱና ጅማቱ እየወፈረ ቦዩን ያጠብበዋል። በመጠኑ ሲጠብ አዝሙዱ መዝቀጥ ያቅተዋል፤ ግን በመሃሉ ወተት ይታያል። ሲብስ ወተቱ ይጠፋና አዝሙዱ አንድ ጥቁር ጉብታ ይሆናል። እዚያ ሲደርስ ናይሮቢ ሆኖ ሥዕሉን በኢንተርኔት የሚያነበው ሐኪም «ከባድ ጥበት» ብሎ ይጽፋል።

አንድ ነገር ግን ማዳም ዋንጂሩ እስኪሰለቸኝ ደጋግመው ነግረውኛል። «ማሽኑ ሰውን አስተኝቶ ነው የሚያየው። ይህ በሽታ ደግሞ ሰውን የሚይዘው ቆሞ ሲሄድ ነው። ከጉልበታቸው ሥር ትራስ ስናደርግላቸው ወገባቸው ይላላል፣ ቦዩም ትንሽ ይከፈታል። ስለዚህ ሥዕሉ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ አረማመዳቸው ነው።» በዚህ ምክንያት ሁልጊዜ ጠዋት በፍላስክ ሻያቸውን ይዘው መስኮቱ ላይ ይቆማሉ፤ በሽተኛው ከግቢው በር ጀምሮ እንዴት እንደሚመጣ ያያሉ። ያጎነብሳል? ይቆማል? ግድግዳ ይደገፋል? ማሽኑ ሥራ በሚፈታበት ሰኞ ደግሞ ራሳቸው ገብተው ይተኛሉ። «አትንቀሳቀሱ የምለውን ነገር እኔም ላስታውሰው» ይላሉ። አንዳንዴ እዚያው ያንኮራፋሉ።

ሐጂ ኑሬ የመጡት በዚህ መሃል ነው።

ሐጂ ኑሬ የግመል ደላላ ናቸው፤ ከኢትዮጵያው ሞያሌ። በሁለቱም ወገን ገበያ እሳቸው ያልዳሰሱት ግመል ብርቅ ነው። ያን ቀን በቦዳቦዳ፣ በሞተር ሳይክል ታክሲ፣ መጡ። ቦዳቦዳው ግቢው በር ላይ ማቆም ሲገባው አስካሪውን፣ ማለት ዘበኛውን፣ ገሸሽ አድርጎ ግቢውን አቋርጦ በረንዳው ላይ ወጣና ሐጂን ከአግዳሚው ወንበር አጠገብ አራገፋቸው። ዘበኛው እየተሳደበ ሮጦ ደረሰ። ማዳም ዋንጂሩ መስኮቱ ላይ ሻያቸውን እንደያዙ ቀሩ፤ ያዩት አረማመድ የለም።

አግዳሚው ላይ ግመል ነጋዴዎች ተደርድረው ነበር። የአንዱን ወገብ ለማስነሣት ሁሉም አጅበውት መጥተዋል።

«አባባ፣ ሳይቀመጡ ምን ያህል ይሄዳሉ?» ብዬ ተረጎምኩ።

ሐጂ ግራ ቀኝ ገልመጥ አሉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «እኔ? ከዚህ ቡቲዬ። ከፈለግሽ ደርሶ መልስ።» ቡቲዬ ከከተማው ወጣ ብላ ያለች መንደር ናት።

«ታዲያ ቦዳቦዳውን ምን አመጣው ሐጂ?» አለ አንዱ ነጋዴ።

«ልጁ ሥራ ፈቶ አሳዝኖኝ ነው።»

«ምን ሲያደርጉ ይሻልዎታል?» አልኩ።

«ሲሸጥልኝ።»

«የትኛው እግር ይብሳል?»

«እግሮቼ ወንድማማቾች ናቸው፤ አይበላለጡም።»

«እንግዲያው ምን ሊያደርጉ መጡ?» ይህን የጠየቅኩት ከራሴ ነው።

«ሚስቴ እንቅልፍ ነሣችኝ።»

አግዳሚው በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ማዳም ዋንጂሩ «ቡቲዬ» ብለው ጻፉ።

ማሽኑ ውስጥ ሆነውም ደላላ ናቸው። «ስንት ደቂቃ ነው?» «ሃያ።» «አሥር ይሁን።» «ማሽኑ ዋጋ አይቀንስም ሐጂ።» «ባለቤቱን ጥሪልኝ!» ሲጀምር ግን እንደ ድንጋይ ረጉ። ሥዕሉ መጣ። ማዳም ዋንጂሩ ሁልጊዜ የሚያንጎራጉሩትን ነገር አቋረጡ። የወገባቸው ታችኛው ጫፍ ላይ ወተት የሚባል ነገር የለም። አዝሙዱ እንደ ሬንጅ ተጣብቋል።

የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ጉዮ ነው፤ የሰፈራችን ልጅ ስለሆነ አንተ ነው የምለው። የናይሮቢውን «ከባድ ጥበት» አነበበ፤ ቀጥሎ የኛን «ቡቲዬ» አነበበ። ጭንቅላቱን አከከ።

«ሥዕል ቀዶ ጥገና አይደረግም፤ የሚደረገው ሰው ነው» አለ። «እንዲህ የጠበበ ቦይ ይዘው የማያማቸው ሽማግሌዎች አሉ። ቡቲዬ ድረስ በእግሩ የሚሄድን ሰው ለምን ለቀዶ ጥገና ናይሮቢ ልላከው? ማስታገሻ፣ እንቅስቃሴ፤ ከሦስት ወር በኋላ ይምጡ።» ሐጂን አልጋው ላይ አውጥቶ ጉልበታቸውን በመዶሻ መታ መታ አደረገ። ሐጂም ጨዋታቸውን ቀጠሉለት፤ ሲስቅ የእግር ጣታቸውን ሳያይ አለፈ።

ሦስት ወሩ ሳይሞላ በገበያ ቀን እናቴ ግመል ተራ ላከችኝ። ከሩቅ ሐጂን አየሁ። ጥቂት ይሄዱና ሻይ ሻጯ ሎኮ ጋ በርጩማ ላይ ዘፍ ይላሉ፤ ጥቂት ይሄዱና ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ፤ ደግሞ ጥቂት፣ ደግሞ ሌላ መቀመጫ። በየመቀመጫው ሥራ ያለባቸው ይመስላሉ፤ አንዱ ጋ ሰላምታ ያራዝማሉ፣ አንዱ ጋ የጫማ አቧራ ያራግፋሉ። ሲነሡ ግራ እግራቸው መሬቱን ጠፍ፣ ጠፍ ያደርጋል። ከዚያ ነጠላ ጫማቸው ከእግራቸው ወልቆ ቀረ። እሳቸው ቀጠሉ። ባዶ እግራቸውን በጠጠር ላይ እየጣሉ ሄዱ፤ አልተሰማቸውም።

አንሥቼ ሮጥኩ። «ሐጂ! ጫማዎ!»

ቁልቁል እግራቸውን አዩ። ቀጥሎ እኔን አዩ። «ሆን ብዬ ነው» አሉ።

ሳቄ መጣ፣ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ገባኝ። ያነከሰች ግመል ዋጋዋ ይወድቃል፤ ያነከሰ ደላላም እንደዚያው። ሻጭ ወደ ሌላ ደላላ ይሄዳል። እኛ ደግሞ ሰውየውን ነጋዴ በተደረደረበት ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እግርዎ ስንት ያወጣል ብለን ጠየቅናቸው! ምን እንዲሉ ነበር?

ለማዳም ዋንጂሩ ስነግራቸው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ጠየቅኩ፣ እሳቸው መለሱ፣ አንቺ ተረጎምሽ። ሁላችንም ሥራችንን በትክክል ሠራን፤ ሰውየው ግን እግራቸውን እያጡ ነው» አሉ። ከዚያ «አምጫቸው። ቶሎ» አሉኝ።

ሰው ላክን፤ ሐጂ «ነገ» አሉ። ደግመን ላክን፤ «ነገ» አሉ። ደላላ አይሆንም አይልም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ገበያ ራሴ ሄድኩ። እዚህ ግመል ሲሸጥ ዋጋ በአፍ አይነገርም። ደላላውና ገዢው እጅ ለእጅ ተያይዘው ከላይ ፎጣ ይጥሉበታል፤ ከፎጣው ሥር በጣት ይከራከራሉ፤ ከበው የቆሙት የሚያዩት ፊታቸውን ብቻ ነው። አንድ ደንብ አለ፤ ፎጣ ሥር የተጨበጠ ነገር እውነት ነው። እዚያ የዋሸ ደላላ ማግሥቱን እጁን የሚሰጠው አያገኝም። ሴት ልጅ እጇን ስታስገባ ግን እኔ አይቼ አላውቅም።

«ሐጂ፣ መግዛት ፈልጌ ነው» አልኩ።

«ምን?»

«እግር።»

ተራው በሳቅ ፈነዳ። «ስጧት ሐጂ! ይቺ ቆንጥጣ ትገዛለች!» ሐጂ ሳቁን ለማብረድ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸውን ያዝኩና ፎጣቸውን ጣልኩበት፣ ጠጋ ብዬም በጆሯቸው «አንድ ጣት ማለት ከዚህ እስከ ሎኮ በርጩማ ነው፤ ሳይቀመጡ ምን ያህል ይሄዳሉ?» አልኳቸው።

አምስት ጣት ሰጡኝ። እጄን ነጠቅኩ። አራት ሰጡኝ። እንዳይወልቅ በሲባጎ የታሰረውን ጫማቸውን በዓይኔ አሳየኋቸው። ሦስት። ልክ ግመል እንደሚገዛ ሰው ጥርሳቸውን ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ሰዉ እየጮኸ ያጨበጭባል። ሁለት። ራሴን ነቀነቅኩ። አንድ። እጃቸውን አልለቀቅኩም። ያን ጊዜ ያችን አንዷን ጣት መሃሏ ላይ አጠፏት። ግማሽ ጣት። እጃቸው ፎጣው ሥር ላብ በላብ ሆኗል፤ ፊታቸው ግን ለሰዉ ፈገግ እንዳለ ነው። ከዚያ ወዲያ መከራከር አቃተኝ፤ ጨበጥኳቸው።

«ስንት አለች? ስንት አለች?» ይላል ሰዉ።

«አልተስማማንም!» ብለው ጮኹ ሐጂ። ከዚያ ወደኔ ዝቅ ብለው «ነገ ጠዋት። በጓሮ በር» አሉ።

በጓሮ በር መጡ። በሩ ተዘጋ። ማዳም ዋንጂሩ ከጓሮው በር እስከ አልጋው ሲራመዱ አዩ። ዶክተር ጉዮ ጎንበስ ብሎ «የግራ እግርዎን አውራ ጣት ወደ ላይ ያንሡ» አለ። ሐጂ ጣታቸውን አፈጠጡበት፤ ጣቷ አልሰማቻቸውም። ጉዮ ሌላ ቀልድ አልጠበቀም። ያንኑ ቀን ወደ ናይሮቢ የሚልካቸውን ወረቀት ጻፈ።

«ሐኪሞቹ ቦታ ይከፍቱልዎታል» አላቸው። «የሞተው ነርቭ ይመለስ አይመለስ ግን ቃል አልገባም። ቢቆዩ ደግሞ የቀረውም ይሄዳል። ወራት ከገበያ ይርቃሉ።»

ሐጂ ፎጣቸውን አጣጠፉ። «ለሰው ምን እላለሁ?» አሉ።

በገበያው ቀን ማዳም ዋንጂሩ ፈቅደውልኝ ሄጄ ቆምኩ። ሐጂ ግመሎቹ መሃል አንድ እንጨት ተደግፈው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰዎች! እግሬ ታሟል። ናይሮቢ ሄጄ ላሠራው ነው። ሌላ ደላላ የሚፈልግ ዛሬውኑ ይሂድ።»

አንዲት ግመል አገሳች። ከዚያ ሻይ ሻጯ ሎኮ ወደ ሥጋ ቤቱ ዞረች። «አላልኩህም? ዛሬ ይናገራሉ አላልኩህም?»

«ኧረ እንኳን ደረስን!» አለ ባለ ሥጋ ቤቱ።

ሐጂ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «ታውቁ ነበር?»

«ሐጂ፣ በርጩማዬን መንገድ ላይ ማውጣት የጀመርኩት ለማን መሰለዎት? ግመል ይቀመጥበታል?»

«ድንጋዩንስ» አለ ባለ ሥጋ ቤቱ፣ «ወገቤ እስኪቀነጠስ ተሸክሜ ያመጣሁት ለጌጥ ነው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«እርስዎ ዝም ስላሉ!» አለ ሰዉ ሁሉ በአንድ ድምፅ።

ቆሜ አፈርኩም፣ ሳቅኩም። በሁለቱም ወገን ያለው ሞያሌ ሁሉ ያውቅ ነበር። የማያውቀው፣ ያን ሁሉ ማሽን ይዞ፣ እኛ ብቻ ነበርን። ሻጮቹም የትም አልሄዱም፤ «ግመሎቻችን ሐጂ እስኪመለሱ ይወፍራሉ» አሉ።

ሐጂ ናይሮቢ ሄዱ። ተሠሩ። የተመለሱት በአውቶቡስ ሲሆን፣ ከአውቶቡሱ የወረዱት ያለ ረዳት ነው። የግራ እግራቸው አውራ ጣት እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አትታዘዝም፤ ጫማቸው ግን አይጠፋም። ለክትትል የመጡት የሥራ ዘመኔ ማብቂያ በሆነው ዓርብ ነበር። ማዳም ዋንጂሩ ከመስኮቱ አዩዋቸው፤ ከግቢው በር እስከ በረንዳው ቀጥ ብለው መጡ። ወደ ውስጥ አስገብተን በሩን ዘጋን።

«አባባ፣ ሳይቀመጡ ምን ያህል ይሄዳሉ?»

«ገበያ ውስጥ? እስከ ሎኮ በርጩማ» አሉ ሐጂ።

ተረጎምኩ። የማዳም ዋንጂሩ ብዕር ቆመ። እስከዚያች በርጩማ ያለው ርቀት አንድ ጣት ብቻ መሆኑን አሁን እሳቸውም ያውቃሉ።

«ያመዎታል?»

«የለም።»

«ይደነዝዝዎታል?»

«የለም።»

«ታዲያ ለምን ይቀመጣሉ?»

ሐጂ ተነፈሱ። «መጀመሪያ ቀን አልፌያት ሄድኩ። ‹ሐጂ፣ ምን አጠፋሁ?› ብላ ጮኸችብኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሥጋ ቤቱ ይህን አየ፤ ድንጋዩን ብዘል ሊቀየመኝ ነው። እሱም ጋ ተቀመጥኩ። አሁን በየሱቁ ደጃፍ በርጩማ ወጥቷል፤ ገበያውን ለመጨረስ በሽተኛ ከነበርኩበት ጊዜ ይልቅ ይመሽብኛል። ለዚህስ መድኃኒት አላችሁ?»

ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ማዳም ዋንጂሩ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጠርገው ቅጹ ላይ ጻፉ፤ በትከሻቸው በኩል አሾልቄ አነበብኩት፤ «ሕመም የለም። በደንብ ይሄዳሉ። የሚያስቀምጧቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው።»